የ2.7 ኪሎ ሜትር በረራ፦ በዌስትሬይና በፓፓ ዌስትሬይ መሀል ያለው ርቀትና ሰዓት (የጉዳይ ጥናት)

ከአንዱ ኤርፖርት እስከ ሌላው ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ በአውሮፕላንስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል ሲባል ብዙ ሰው ሚያደርገው ርቀቱን ወስዶ ለፍጥነት ማካፈል ነው፣ ከዛ ለመነሻና ለማረፊያ ብሎ ግማሽ ሰዓት ይጨምርበታል፣ አለቀ። ለረጅም በረራ ይሄ ስሌት ክፉ አይደለም፣ 1500 ኪሎ ሜትር ምናምን ከሆነ ከትክክለኛው ብዙ አይርቅም። ርቀቱ እያጠረ ሲመጣ ግን ስሌቱም እየተበላሸ ይሄዳል፣ በጣም ሲያጥር ጭራሽ ትርጉም ያጣል። ይሄን ለማየት ከስኮትላንድ ሰሜን፣ ኦርክኒ ከሚባሉት ደሴቶች የተሻለ ቦታ አላውቅም። እዛ ዌስትሬይ ከሚባለው ደሴት ፓፓ ዌስትሬይ ወደሚባለው ደሴት በረራ አለ፣ በዓለም አጭሩ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ተብሎ ጊነስ ላይ የተመዘገበው እሱ ነው። ሰው እንደ ጉድ ነው ሚያወራው፣ ቪዲዮው ይዞራል፣ "የሁለት ደቂቃ በረራ" ይባላል፣ ከዛ ይረሳል። እኔ ግን በጣም ነው ሚያጓጓኝ ምክንያቱም ትልቅ በረራ ላይ ተደብቀው ሚቀሩ ነገሮች በሙሉ እዚህ ገሃድ ወጥተው ይታያሉ።

ቦታውን መጀመሪያ እናስቀምጥ። ኦርክኒ ከስኮትላንድ ዋና ምድር በስተሰሜን ያለ የደሴቶች ስብስብ ነው፣ ትልቁ ደሴት ሜይንላንድ ይባላል፣ ዋናው ከተማ ከርክዎልም ዋናው ኤርፖርትም እዛ ነው ያሉት። ዌስትሬይና ፓፓ ዌስትሬይ ከሜይንላንድ ወደ ሰሜን ርቀው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዌስትሬይ ላይ 588 ሰው ነበር፣ ፓፓ ዌስትሬይ ላይ ደሞ 90 ሰው ብቻ። ነዋሪዎቹ ፓፔይ ነው ሚሏት፣ ሁለቱ ስም እንዳይምታታ እኔም ፓፔይ እያልኩ ልቀጥል። ሁለቱም ጋር ያለው ኤርፖርት የደሴቶቹ ምክር ቤት ንብረት ነው፣ ኤርፖርት ሲባል ግን ትልቅ ተርሚናል እንዳታስቡ፣ አጫጭር ማኮብኮቢያዎች ናቸው፣ ረጅሙ እንኳን 600 ሜትር አይሞላም፣ ከጎኑ ትንሽ ቤት አለች፣ የእሳት አደጋውንም ሻንጣውንም ሚይዙት እዛው ደሴቱ ላይ ሚኖሩ ሰዎች ናቸው፣ አውሮፕላኑ ሲመጣ ከሌላ ሥራቸው ተነስተው ይመጣሉ።

በሁለቱ ኤርፖርቶች መሀል ያለው ቀጥታ ርቀት 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። ይሄ ቁጥር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለመገንዘብ ቦሌን አስቡ፣ ቦሌ ያለው ዋናው ማኮብኮቢያ ከ3.5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ማለትም አዲስ አበባ ላይ አንድ ትልቅ ጄት ለመነሳት ከተዘጋጀለት አስፋልት ይሄ ሙሉ በረራ፣ ባሕሩን ጨምሮ፣ ያጥራል።

እስቲ አሁን በተለመደው መንገድ እናስላው። የተለመደው ማስያ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዞ ግማሽ ሰዓት ይደምራል፣ ስለዚህ 2.7 ሲካፈል ለ800፣ 12 ሰከንድ፣ ሲደመር 30 ደቂቃ፣ ውጤቱ 30 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ሆነ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ላይ ያለው ግን ሁለት ደቂቃ ነው፣ አየር ላይ ሚቆየው ብዙ ጊዜ ከዛም ያነሰ ነው። ስህተቱ ከአስር እጥፍ በላይ ነው፣ ደሞ ስህተቱን ያመጣው ርቀቱ አይደለም፣ ለ"መነሻና ማረፊያ" ተብሎ ከትልቅ ኤርፖርት ተወስዶ የተለጠፈው ግማሽ ሰዓት ነው። ትልቅ ኤርፖርት ላይ ያ ግማሽ ሰዓት እውነት ነው፣ ከበር ተገፍቶ መውጣት አለ፣ ረጅም መንገድ ማኮብኮብ አለ፣ ተራ መጠበቅ አለ፣ ወደ ከፍታ መውጣት፣ ከከፍታ መውረድ፣ ለማረፍ መሰለፍ። ፓፔይ ላይ ከነዚህ አንዱም የለም፣ ከፊት ሚጠብቅ ሌላ አውሮፕላን የለም፣ ሚወጣበት ከፍታም ጥቂት መቶ ጫማ ነው።

እሺ፣ የአውሮፕላኑን ትክክለኛ ፍጥነት ብንወስድስ? መስመሩ ላይ ሚሰራው ብሪተን ኖርማን አይላንደር ሚባል አውሮፕላን ነው፣ መጀመሪያ የበረረው በ1965 ነው፣ መጀመሪያ የተሰራውም እንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት ላይ ነው። ሁለት የፒስተን ሞተር አለው፣ እያንዳንዱ 260 የፈረስ ጉልበት፣ ክንፉ ከላይ ነው፣ ጎማው ወደ ውስጥ አይገባም፣ ስምንት መንገደኛ ይይዛል፣ ከሙላት የተነሳ አንዱ ሰው ከፓይለቱ ጎን ሚቀመጥበት ጊዜም አለ። ዋናው ጥቅሙ በአጭር ሜዳ ላይ መነሳትና ማረፍ መቻሉ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። 2.7 ለ240 ካካፈላችሁት 40 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ይሄም ትክክል አይደለም፣ አሁን ደሞ ከእውነታው አነሰ። በመስመሩ ላይ ያለው ሪከርድ 53 ሰከንድ ነው፣ እሱን የያዘው ስቱዋርት ሊንክሌተር ሚባል ፓይለት ነው፣ በ2013 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መስመሩን ከ12 ሺህ ጊዜ በላይ በርሮታል። አስቡት፣ ከ12 ሺህ ጊዜ በላይ የበረረ ሰው፣ መስመሩን ከማንም በላይ ሚያውቅ ሰው፣ ምርጥ ቀኑ ላይ 53 ሰከንድ ነው ያገኘው፣ ይሄን ወደ ፍጥነት ስትመልሱት በሰዓት 183 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ደቂቃ ተኩል ከፈጀ ደሞ አማካዩ 108 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ሁለት ደቂቃ ከፈጀ 81። ማለትም አውሮፕላኑ 240 መብረር ቢችልም እዚህ መስመር ላይ ያን ፍጥነት ሚደርስበት ቦታ የለውም፣ ፍጥነት ገና እየጨመረ እያለ መቀነስ መጀመር አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው ማያስተውለው ነገር አለ። በኤርፖርቶች መሀል ያለው ርቀት ሚለካው ከነጥብ ወደ ነጥብ ነው፣ እያንዳንዱ ኤርፖርት ካርታ ላይ አንድ ነጥብ ነው ሚሰጠው። ርቀቱ 1000 ኪሎ ሜትር ከሆነ ነጥቡ ከሜዳው የትኛው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ግድ አይሰጥም። 2.7 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ግድ ይሰጣል፣ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ሜዳው ላይ ሁለትና ሦስት መቶ ሜትር ሊሮጥ ይችላል፣ ሲያርፍም እንደዛው፣ ስለዚህ አየር ላይ ሚሸፍነው ርቀት ከተጻፈው 2.7 በብዙ መቶ ሜትር ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል፣ ወዴት አቅጣጫ እንደተነሳ ነው ሚወስነው። ርቀቱ ራሱ ቋሚ ቁጥር መሆኑ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ነፋሱ። እኔ ከዚህ ጉዳይ በጣም ምወደው ክፍል ይሄ ነው።

መንገደኛ ሁሉ ሚያውቀው ከኋላ ሚገፋ ነፋስ ሰዓት እንደሚያሳጥር ከፊት ሚመጣ ነፋስ ደሞ እንደሚያስረዝም ነው። በሂሳብ እንየው፣ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በ100 ኖት እየሄደ ነው እንበል (ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው፣ አንዱ በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ነፋሱ 25 ኖት ነው። ከኋላ ከሆነ መሬት ላይ ሲለካ 125 ኖት ይሆናል፣ 2.7 ኪሎ ሜትሩን በ42 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ከፊት ከሆነ 75 ኖት ይቀራል፣ 70 ሰከንድ ይፈጃል። ልዩነቱ 28 ሰከንድ ነው፣ ከጠቅላላው አንጻር ትልቅ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው እንደሚጠብቀው ነው።

ግን አውሮፕላን ሲነሳም ሲያርፍም ነፋሱን ፊት ለፊት መቀበል ነው ሚፈልገው፣ ምክንያቱም ክንፉ ሚሰራው በአየሩ ፍጥነት ነው፣ ነፋሱ ከፊት ከመጣ መሬት ላይ ብዙ ሳይሮጥ ይነሳል፣ ሲያርፍም ቀስ ብሎ መሬት ይነካል፣ አጭር ሜዳ ላይ ደሞ ይሄ የግድ ነው። ፓፔይ ከዌስትሬይ በስተምሥራቅ ናት፣ ቀጥ ብላ ምሥራቅ ማለት ይቻላል። ኦርክኒ ላይ ደሞ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ሚመጣው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ነው። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ጠንካራ የምዕራብ ነፋስ ባለበት ቀን ከዌስትሬይ ወደ ፓፔይ ሚሄድ ፓይለት ወደ ምዕራብ ዞሮ ነው ሚነሳው፣ ማለትም ሚሄድበትን ቦታ ጀርባ ሰጥቶ፣ ከዛ ይዞራል፣ ነፋሱ ከኋላ እየገፋው በፍጥነት ባሕሩን ያቋርጣል፣ ሜዳውን አልፎ ይሄዳል፣ እንደገና ይዞራል፣ ከዛ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጎ ያርፋል። ሁለት ጊዜ ሙሉ መዞር ነው። በአቪየሽን መደበኛ ሚባለው አዟዟር በሰከንድ 3 ዲግሪ ነው፣ 180 ዲግሪ ለመዞር አንድ ደቂቃ ይፈጃል። እንደ አይላንደር ያለ ቀርፋፋ አውሮፕላን ከዛ ጠበብ አድርጎ መዞር ይችላል፣ ቢሆንም መዞሩ ብቻውን ባሕሩን ከማቋረጥ የበለጠ ሰዓት ሊበላ ይችላል።

በተመሳሳይ ቀን ከፓፔይ ወደ ዌስትሬይ ሚመለሰው ፓይለትስ? እሱ ወደ ምዕራብ ይነሳል፣ መድረሻው ከፊቱ ነው፣ ምንም መዞር የለም፣ ነፋሱ ከፊት እየመጣበት 70 ሰከንድ ምናምን በርሮ በዛው መስመር ቀጥ ብሎ ያርፋል። ስለዚህ ነፋሱ ከፊት የመጣበት ከኋላ ከተገፋው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው! ይሄን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳወጣው ለማመን እየከበደኝ ሁለቴ ሦስቴ ነው የሰራሁት፣ ግን ሂሳቡ እንደዛ ነው። ረጅም በረራ ላይ ይሄ ሁለት ደቂቃ ማንም አያየውም፣ እዚህ ግን ሁለት ደቂቃው በረራው በሙሉ ነው። ሁለቱም ደሴት ላይ በተለያየ አቅጣጫ የተዘረጉ ከአንድ በላይ ማኮብኮቢያዎች ስላሉ ፓይለቱ ከጎን ሚመጣ ነፋስ ታግሶ መንገዱን ማሳጠርም ይችላል፣ ነፋሱ ቀላል በሆነ ቀን ደሞ ቀጥ ብሎ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ያርፋል። እንደ 53 ሰከንዱ ያለ ሰዓት ሚወጣው መነሻው፣ መንገዱና ማረፊያው አንድ መስመር ላይ ሲገጥሙ ነው፣ ሁለት ጊዜ እየዞሩ ሚሆን ነገር አይደለም።

ሌላው ሰዓት ሚለው ቃል ራሱ ሁለት ነገር መያዙ ነው፣ አየር ላይ ያለው ሰዓትና ከቆመበት ተነስቶ እስኪቆም ያለው ሰዓት። አየር መንገዶች ፕሮግራማቸው ላይ ሚጽፉት ሁለተኛውን ነው። አንድ ሰዓት በተባለ በረራ ላይ አየር ላይ ያለው 40 ወይ 45 ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ ሰው አያስተውለውም። እዚህ መስመር ላይ ግን አንዱ ሰው 53 ሰከንድ ይላል፣ ሌላው አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ሌላው ሁለት ደቂቃ፣ ሁሉም ልክ ናቸው፣ ሚለኩት የተለያየ ነገር ስለሆነ ነው።

አሁን ሰው ሁልጊዜ ሚጠይቀው ጥያቄ፣ 2.7 ኪሎ ሜትር ለመሄድ አውሮፕላን ለምን ያስፈልጋል? ፌሪ አለ አይደል? አዎ አለ፣ ዌስትሬይ ላይ ካለችው ፒየሮዎል ከምትባል መንደር ወደ ፓፔይ ሚያመላልስ የመንገደኛ ጀልባ አለ፣ 25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ የፓፔይ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። አውሮፕላኑ ሁለቱን ደሴቶች ብቻ ለማገናኘት የተቋቋመ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ተገቢ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው፣ መልሱ ያለው ካርታው ላይ ነው።

አውሮፕላኑ ሚመጣው ከከርክዎል ነው። ከከርክዎል እስከ ዌስትሬይ ቀጥታ 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከከርክዎል እስከ ፓፔይም 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀጭን ሦስት ማዕዘን ማለት ነው፣ ሁለት ረጅም ጎንና አንድ በጣም አጭር ጎን ያለው። አንዱን ደሴት አገልግሎ ተመልሶ ከዛ ሌላውን ቢያገለግል 44 አራት ጊዜ፣ 176 ኪሎ ሜትር ይበራል። ዌስትሬይ አርፎ፣ ፓፔይ ዘሎ፣ ከዛ ወደ ከርክዎል ቢመለስ ግን 44 ሲደመር 2.7 ሲደመር 44፣ 91 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ያቺ 2.7 ኪሎ ሜትር 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በረራ ታስቀራለች፣ በአይላንደር ፍጥነት ከ20 ደቂቃ በላይ ነዳጅና የሞተር ሰዓት ማለት ነው፣ በአንድ ዙር ብቻ። በዛ ላይ ስምንት ወንበር ላላት አውሮፕላን የሁለት ደሴት ሰው አንድ ላይ መጫን ወንበሯን ለመሙላት ይረዳል፣ 90 ሰው ብቻ ያላት ደሴት በየጊዜው ስምንት ወንበር ልትሞላ አትችልም። "የዓለም አጭሩ በረራ" ተብሎ ለብቻው ተቆርጦ ሲወራ ቅንጦት ይመስላል፣ ሙሉ ዙሩ ላይ ሲታይ ግን የቁጠባ መንገድ ነው። እኔ በግሌ ስለዚህ መስመር ከሚወራው ሁሉ መጀመሪያ መነገር ያለበት ይሄ ነው እላለሁ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይነገርም።

ለፓፔይ ሰው ደሞ ዋናው ከከርክዎል ጋር ያለው መገናኘት ነው፣ ሆስፒታሉም ቢሮውም ገበያውም እዛ ነው። ከከርክዎል ወደ ዌስትሬይ በመኪና ጫኝ ፌሪ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሄዳል፣ ከዛ ደሴቱን አቋርጦ በሌላ ጀልባ ወደ ፓፔይ። በአውሮፕላን ከከርክዎል ቀጥታ ሲበር ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው። መምህራን ከደሴት ደሴት እየዞሩ ሚያስተምሩት፣ ሐኪም ሚመጣው፣ ታማሚ ለቀጠሮ ሄዶ በዛው ቀን ሚመለሰው በዚህ ነው። ያለ ድጎማ ሚቆም መስመር አይደለም፣ የኦርክኒ ምክር ቤት የሕዝብ አገልግሎት ግዴታ በሚባለው አሰራር ውል ገብቶ ነው ሚያስበርረው፣ ልክ መንገድ እንደሚጠገነው። ይሄም ተገቢ ነው ባይ ነኝ፣ መንገድ ሚገነባበት መሬት በሌለበት አውሮፕላኑ ራሱ መንገዱ ነው። ቱሪስትም ይመጣል፣ ፓፔይ ላይ ናፕ ኦፍ ሃዋር ሚባል ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3700 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ሰው የኖረበት የድንጋይ ቤት አለ፣ በሰሜን አውሮፓ ሳይፈርሱ ከቆዩት የድንጋይ ቤቶች እጅግ ከቀደሙት አንዱ ነው፣ በረራውን ብቻ ብለው መጥተው እሱን ሳያዩ ሚመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ታሪኩን ባጭሩ። ኦርክኒ ከአውሮፕላን ጋር ቀድማ ነው የተዋወቀችው፣ ካፒቴን ፍሬሰን ያቋቋመው ሃይላንድ ኤርዌይስ በ1933 ከኢንቨርነስ ወደ ከርክዎል መብረር ጀመረ፣ በ1934 በዛው መስመር የብሪታንያ የመጀመሪያው መደበኛ የአገር ውስጥ የአየር ፖስታ ተጀመረ። አሁን የደሴቶቹን መስመር ሚሰራው ሎጋንኤር ሚባል አየር መንገድ ነው፣ በ1962 አንድ የግንባታ ኮንትራክተር ለራሱ ሥራ ማመላለሻ እንዲሆነው ነበር የጀመረው። የደሴቶቹ በረራ በ1967 ተከፈተ፣ አይላንደርም ገና አዲስ ሆኖ የገባው ያኔ ነው። ያው ዓይነት አውሮፕላን ዛሬም እዛው ላይ ነው፣ ለዚህ ሥራ ከሱ ብዙ ሚሻል ስላልተገኘ።

የአየሩ ሁኔታ ሌላ ሰዓት ሚወስን ነገር ነው። ትንንሾቹ ሜዳዎች ላይ ፓይለቱ በዓይኑ እያየ ነው ሚያርፈው፣ ከባሕር ጭጋግ ከገባ በቃ በረራ የለም፣ በታኅሣሥ ደሞ ቀኑ ራሱ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዌስትሬይ ፓፔይ ስንት ደቂቃ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ሁለት ደቂቃ ብሎ መመለስ ይቻላል፣ ጭጋግ ባለበት ቀን ግን መልሱ ነገ ነው፣ ወይ 25 ደቂቃ በጀልባ።

አሁን ባለሙያዎች ይሄን ቦታ ሚያዩት በሌላ ዓይን ነው፣ ነዳጅ ማይጠቀም አውሮፕላን ለመሞከር። ባትሪ ከባድ ነው፣ ሃይድሮጂንም ቦታ ይፈልጋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሚሰራው አጭር መስመር ላይ ነው ሚል ሐሳብ አለ፣ አይላንደርን በሃይድሮጂን ለማስበረር የታሰበው ፕሮጀክትም ፍሬሰን ነው የተባለው፣ በካፒቴኑ ስም። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን እዚህም የርቀቱ ቁጥር ያታልላል። ለ2.7 ኪሎ ሜትር ሚበቃ ባትሪ በጣም ትንሽ ነው፣ ሆኖም አውሮፕላን ለመንገዱ ሚበቃውን ብቻ ይዞ አይነሳም፣ ማረፍ ካልቻለ ሚዞርበትና ሌላ ቦታ ሚሄድበት መጠባበቂያ መያዝ አለበት፣ በቀን በዓይን እያየ ሚበር እንኳን ግማሽ ሰዓት ገደማ ሚያቆይ። ለሁለት ደቂቃ በረራ ግማሽ ሰዓት መጠባበቂያ፣ በዛ ላይ ከከርክዎል መምጣትና መመለስ አለ። እንግዲህ የባትሪውን ክብደት ሚወስነው ይሄ መጠባበቂያና የ44 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ነው፣ በሁለቱ ደሴቶች መሀል ያለችው ባሕር ሂሳቡ ውስጥ የለችም ማለት ይቻላል።